የኮምፒውተሩ ባላጋራ፦ ስለ ሽምቅ ውጊያ ሲሙሌሽን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮምቦልቻ ላይ ለኮምፒውተር ተማሪዎች ሲሙሌሽን፣ ማለትም እውነተኛን ነገር በኮምፒውተር አስመስሎ መፈተሽን፣ አስተምራለሁ። ስንጀምር ምሳሌያችን የባንክ ወረፋ ነው። ቀጥሎ የመናኸሪያ ሚኒባስ ይመጣል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ሁሌም አንዱ እጁን ያወጣል። «መምህር፣ ጦርነትስ በኮምፒውተር ይሠራል?»

ጥያቄው እኛ ዘንድ የቅንጦት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴም ኮምቦልቻም ገብቶ ወጥቷል። ተማሪዎቼ ያኔ ገና ልጆች ነበሩ፤ ግን ሁሉንም ያስታውሳሉ። ስለዚህ ስመልስላቸው ከልቤ ነው። ክፍል ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ ደሴ ወጥቼ ከዘመድ ጋር ስጫወት ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች እዚህ አንድ በአንድ ላንሳ። የማወራው በተለይ መደበኛ ስላልሆነው ጦርነት ነው። ግልጽ ግንባር የሌለው፣ ተዋጊው ከሕዝብ ተቀላቅሎ የሚኖርበት፣ በደፈጣና በሽምቅ የሚካሄደው ማለቴ ነው።

«ያው ጌም ነው»

አይደለም። ጌም የሚሠራው ለመዝናኛ ነው። ተጫዋቹ ተስፋ ቆርጦ እንዳይተወው ባላጋራው ሆን ተብሎ እንዲሸነፍ ይደረጋል። የጦር ሲሙሌሽን የሚሠራው ግን አንድን ጥያቄ ለመፈተሽ ነው። ነገሩ ከኮምፒውተርም ይቀድማል። የፕሩሲያ ጦር ከእ.ኤ.አ. 1824 ጀምሮ መኮንኖቹን በካርታ፣ በትናንሽ ቁራጮችና በዳይስ ያሠለጥን ነበር። መሀል ላይ ዳኛ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ወገን በውጊያው ቦታ ሊያየው የሚችለውን ብቻ እንዲያይ የሚያደርገው እሱ ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

«ብዙ ሰውና ብዙ መሣሪያ ያለው ያሸንፋል፤ ሌላው ትርፍ ነው»

ይሄ አመለካከት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1914 ውጊያን በሒሳብ ቀመር ጻፈው። ሁለቱም ወገኖች ይተያያሉ፣ እኩል ያነጣጥራሉ እንበል። 100 ሰው ከ50 ሰው ጋር ገጠመ። ሃምሳዎቹ ሲያልቁ ከመቶዎቹ 86 ያህሉ በሕይወት አሉ። የቁጥር ብልጫ በካሬ፣ ማለትም በራሱ ተባዝቶ፣ ይቆጠራል ማለት ነው። ቀመሩ የሚያምር ነው፣ ብዙ የጦር ሲሙሌሽንም የተገነባው በሱ ላይ ነው።

ግን በዚህ ቀመር ውስጥ ሰው የገበጣ ጠጠር ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት። ሁሉም የሚታይ። የሚፈራ የለም፣ የሚሸሽ የለም፣ ቤተሰቡ ትዝ የሚለው የለም።

እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሞር ዳይችማን የተባለ አሜሪካዊ ይህንኑ ቀመር ለደፈጣ ቀየረው። ደፈጣ የያዘው ወገን ያያል፤ አነጣጥሮ ይተኩሳል። ደፈጣ ውስጥ የገባው ግን አያይም፤ ጥይቱን በጅምላ ወደ ቁጥቋጦው ይረጫል። ያኔ ማነስ ራሱ ከለላ ይሆናል። ጥቂት ሰው ሰፊ ቦታ ላይ ሲበተን አብዛኛው ጥይት አፈር ነው የሚመታው። ትልቁ ጦር ከትንሹ ጋር እኩል ለመሆን ብቻ እንኳ በቁጥር እጅግ መብለጥ አለበት።

የእኛ አርበኞች ይህን ያለ ቀመር ያውቁት ነበር። ጣሊያን በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ደሴን ያዘ፣ በዚያው ወር መጨረሻ አዲስ አበባ ገባ። በላንቸስተር ስሌት ብንሄድ ጦርነቱ እዚያ ላይ አብቅቷል። አርበኞቹ ግን 5 ዓመት ተዋጉ።

«ባላጋራው መመሪያው ላይ እንደተጻፈው ይንቀሳቀሳል»

የቆዩ ሲሙሌሽኖች ባላጋራን የሚሠሩት እንዲህ ነበር። ጠላት በእንዲህ ያለ አሰላለፍ ይመጣል፣ እዚህ ሲደርስ እንዲህ ያደርጋል። ለመደበኛ ጦር በመጠኑ ያስኬዳል። መመሪያ ለሌለው፣ ወይም መመሪያህን አንብቦ ለሚጠብቅህ ሰው ግን አይሠራም።

ለዚህ የሚታወቀው ምሳሌ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2002 ያካሄዱት ሚሌኒየም ቻሌንጅ የተባለው ልምምድ ነው። 250 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ግማሹ በሜዳ፣ ግማሹ በኮምፒውተር ነበር። የባላጋራውን ማለትም የቀዩን ወገን እንዲመሩ የተመደቡት ጡረታ የወጡት ጄኔራል ፖል ቫን ራይፐር ነበሩ። ሰማያዊው ማለትም የአሜሪካ ወገን የሬዲዮ ግንኙነታቸውን ይጠልፋል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ሰውዬው ሬዲዮ ተዉ። መልእክት በሞተር ሳይክል ላኩ። ከዚያ ብዙ ሚሳይልና ትናንሽ ጀልባዎች ባንድ ጊዜ አወጡ። በሲሙሌሽኑ ውስጥ 16 የሰማያዊው ወገን መርከቦች ሰመጡ።

አዘጋጆቹ መርከቦቹን መልሰው አንሳፈፉ፤ ልምምዱ ቀጠለ። ቀጥሎ ቀዩ ወገን ማድረግ የሚችለውን ገደቡበት። ቫን ራይፐርም ከቦታቸው ለቀቁ። እርግጥ አዘጋጆቹ ያን ሁሉ ወታደር ያመጡት ሌሎች ነገሮችንም ሊሞክሩ ስለነበር ገና ከጅምሩ ማቆም አይችሉም ነበር። ያ ይገባኛል። ግን ባላጋራው እንዲያሸንፍ የማይፈቀድለት ከሆነ ውጤቱ ስለ ባላጋራው ምንም አይነግረንም። ስለ አዘጋጁ ምኞት ብቻ ነው የሚነግረን። ተማሪዎቼ ፕሮግራም ሲጽፉ መጀመሪያ የማየው ይህንኑ ነው። ቀዩ ወገን በእርግጥ የማሸነፍ ዕድል አለው ወይ?

አሁን ወደ ፕሩሲያው ዳኛ ልመለስ። ኮምፒውተሩ ሁሉንም ያያል፤ ማን የት እንዳለ ያውቃል። ጀማሪ ፕሮግራመር ይህን እውቀት ሳያስበው ለባላጋራው ያቀብለዋል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሀረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በክረምት ጭጋግ የወጣ ሰው ስህተቱ ወዲያው ይገባዋል። ሹፌሩ ፍሬን የሚይዘው ከፊቱ ላለው መኪና አይደለም። ያለ ለመሰለው መኪና ነው። ጥሩ ሲሙሌሽን ስለዚህ ሁለት መዝገብ ይይዛል። አንዱ መሬት ላይ ያለው እውነት ነው። ሌላው እያንዳንዱ ሰው እውነት ነው ብሎ ያመነው። ውሳኔ የሚሰጠው ሁሌም ከሁለተኛው መዝገብ ነው። ወሬ፣ ማታለልና ድንጋጤ ሲሙሌሽን ውስጥ የሚገቡት በዚች በር ነው።

«ሽምቅ ተዋጊ እብድ ነው፣ እብድ ደግሞ በሞዴል አይያዝም»

እብድ ብሎ መጥራት ለማሰብ አለመፈለግ ነው። የሚፈልገው ነገር አለ። የሚፈራው ነገር አለ። እኛ የማንመርጠውን ስለመረጠ ምርጫው ምክንያት የለውም ማለት አይደለም።

«ሕዝቡ ዳር ቆሞ ያያል»

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በብዙ ሲሙሌሽን ሲቪሉ እንደ ዛፍና እንደ ግድግዳ ተቀምጧል። ቢበዛ እንዳይመታ የሚጠነቀቁለት ነገር ነው።

እኛ የውስጥ አርበኛ የሚል ቃል አለን። ቃሉ ባይኖረን እንኳ ታሪኩ ይበቃ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አዲስ አበባ ተቀምጠው በጫካ ላሉት አርበኞች መረጃና ትጥቅ ያቀብሉ ነበር። ከውጭ ሲያዩአቸው በጣሊያን አገዛዝ ስር የሚኖሩ አንዲት የከተማ እመቤት ናቸው። ሲሙሌሽኑ እሳቸውን «ሲቪል፣ ገለልተኛ» ብሎ ከመዘገበ ጦርነቱን ሳያየው አለፈ ማለት ነው። ባንዳም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ የገባ ነገ ይወጣል።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆሹዋ ኤፕስታይን እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመው ሞዴል ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው። ኤጀንት የሚባሉ ብዙ ትናንሽ ሰዎች በሰንጠረዥ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። እያንዳንዱ ሁለት ነገር ይመዝናል። አንደኛው ቅሬታው ነው፤ የደረሰበት ችግርና መንግሥትን ምን ያህል እንደሚቀበል አንድ ላይ ሆነው ይወስኑታል። ሁለተኛው የመያዝ ስጋቱ ነው፤ በአካባቢው ስንት ፖሊስ፣ ስንት አመፀኛ እንዳለ አይቶ ይገምታል። ቅሬታው ከስጋቱ በበቂ ከበለጠ ይነሳል። ሲነሳ ስክሪኑ ላይ ቀይ ይሆናል፤ ዝም ሲል ሰማያዊ።

ውስጡ የተቆጣው ሰው ፖሊስ ሲጠጋው ሰማያዊ ይሆናል። ፖሊሱ ሲርቅ መልሶ ይቀላል። አስመስል ብሎ ያዘዘው ሰው የለም፤ ከሁለቱ ሚዛኖች ብቻ የወጣ ጠባይ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን የውስጥ አርበኞች ናቸው ትዝ ያሉኝ። ሌላም አለ። የመንግሥት ተቀባይነት ቀስ በቀስ ብዙ ሲወርድ አመፁ ላይነሳ ይችላል፤ ምክንያቱም የሚነሱት አንድ በአንድ እየተለቀሙ ነው። በአንድ ጊዜ ሲወርድ ግን፣ ቅናሹ ትንሽ ቢሆንም፣ ብዙ ሰው አብሮ ይነሳል። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ፍርሃት ጨመረ፤ ቁጣንም ጨመረ። ቁጣው በለጠ፤ ብዙ ሰው ጫካ ገባ። ጭካኔን እንደ ነፃ መሣሪያ የሚቆጥር ሲሙሌሽን ይህን ጨርሶ ሊያሳይ አይችልም።

«ኮምፒውተሩ ማን እንደሚያሸንፍ ይነግረናል»

አይነግረንም። አንድ ሲሙሌሽን መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ ይሄዳል። የሚያሳየው ምን ሊሆን እንደሚችልና ውጤቱን የሚያናጋው ነገር የቱ እንደሆነ ነው። የሚገባበት ቁጥር ከተበላሸ ደግሞ የሚወጣውም ይበላሻል። በቬትናም አሜሪካኖች ከእ.ኤ.አ. 1967 ጀምሮ ለመንደሮች በመንግሥት ቁጥጥር ስር ምን ያህል እንዳሉ በየወሩ ደረጃ እየሰጡ ወደ ኮምፒውተር ያስገቡ ነበር። ቁጥሮቹ ነገሩ እየተሻሻለ ነው ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1968 መጨረሻ የሰሜን ቬትናምና የሽምቅ አጋሮቿ የቴት ጥቃት ከ100 በላይ ከተሞችን መታ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1964 ሲግማ በተባለ የአሜሪካኖች የጦር ጨዋታ፣ ሰዎች በባላጋራው ቦታ ቁጭ ብለው ሲያስቡ፣ የቦምብ ድብደባው ሰሜን ቬትናምን እንደማያንበረክክ ታይቶ ነበር። ሰሚ አላገኘም።

«አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል፣ እሱ ይማረዋል»

አልፋስታር የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2019 ስታርክራፍት ሁለት የተባለውን የኮምፒውተር ጌም ከታላላቅ ተጫዋቾች እኩል ተጫውቷል፤ እውነት ነው። ግን የጌሙ ሕግ አይቀየርም፣ ማሸነፍ ምን እንደሆነም አስቀድሞ ተጽፏል። በሽምቅ ጦርነት ሁለቱም የሉም። አንዱ ወገን አለመጥፋቱን ብቻ ድል ብሎ ሊቆጥረው ይችላል።

«ዝርዝር በበዛ ቁጥር እውነት ይቀርባል»

አንዲት ጎበዝ ተማሪ ጦርነት ሲቃረብ ሲቪሎች ከደሴ እንዴት እንደሚወጡ የሚያሳይ ሞዴል ሠራች። እስከ ኮምቦልቻ ያለውን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ የሀረጎን ጠመዝማዛ እያንዳንዷን እጥፋት ሳይቀር አስገብታለች። ዓይን የሚማርክ ሥራ ነበር። ተኩስ ሲሰማ ሁሉም ሰው አጭሩን መንገድ ይዞ ይወጣል። ከተማዋ በ20 ደቂቃ ባዶ ሆነች።

ከኋላ የተቀመጠ የደሴ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ አያቴስ? ቤቴን ጥዬ አልወጣም ብላ ሁለት ቀን ጠብቀናታል።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጅቷ እንደመደንገጥ ስትል «አብሽር» አልኳት፣ ሕጉን አብረን ቀየርነው። የአንድ ቤት ሰው ሳይሰባሰብ ማንም አይወጣም። እንደገና ስታስኬደው ግማሹ ሰው ሌላውን እየጠበቀ ገና ቤቱ ነበር። አሁን እየጨመረችበት ያለው ስልክ ሲቋረጥ የሚሆነውን ነው።