ፓራዳይዝ ሎስትና ክብደቱ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፓራዳይዝ ሎስት የእንግሊዝ ባንድ ነው። በ1988 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዮርክሸር በምትገኘው የሃሊፋክስ ከተማ ተመሠረተ። ዱም ሜታልን፣ ማለትም ዝግ ያለውንና ሐዘን የተጫነውን የሄቪ ሜታል ዓይነት፣ ከሞት ሜታል (ዴዝ ሜታል) ግሳት፣ ማለትም እንደ አውሬ ከሚያገሳው ወፍራም አዘፋፈን፣ ጋር ካዋሃዱት ባንዶች አንዱ ነው። በ2015 ዘ ፕሌግ ዊዚን የተባለውን አልበም ሲያወጣ «ወደ ከባዱ ሙዚቃ ተመለሰ» ተባለ። አዎ፣ ተመልሷል። ግን አመላለሱ ብዙ ጊዜ ተዛብቶ ይነገራል። እኔ ይህን አልበም ከልቤ ስለምወደው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«ከባድ ሙዚቃ ማለት ፈጣንና ጩኸት የበዛበት ማለት ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

ነገሩ የሚጀምረው በርሚንግሃም ነው። የብላክ ሳባት ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠበት። ከዚያ በኋላ የጊታር ክር መጫን ያመው ነበር። በ1971 በወጣው የባንዱ ሦስተኛ አልበም ላይ ክሮቹን አላላቸው። ክር ሲላላ ለጣት ይቀልላል፤ ድምፁ ደግሞ ይወርዳል። በተለመደው ቅኝት የጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። አዮሚ ወደ 69 አወረደው። በቁጥር ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ደረት ላይ ግን በደንብ ይታወቃል። ዱም ሜታል የተወለደው ከዚህ ከወረደው ድምፅና ከዘገየው ምት ነው።

አሁን ዘ ፕሌግ ዊዚን ውስጥ ያለውን ቢኒዝ ብሮክን ኧርዝ የሚለውን ዘፈን ስሙት። ጊታሩ አንድ ኖታ ይመታና ይተወዋል። ኖታው እየሳሳ፣ እየራቀ ይሄዳል። ድራሙ አይቸኩልም። ቀጣዩ ምት መቼ እንደሚመጣ እየጠበቃችሁ ትንፋሻችሁን ትይዛላችሁ። ክብደቱ ያለው እዚያ መጠበቅ ውስጥ ነው። በዚሁ አልበም ላይ ፍሌሽ ፍሮም ቦን የሚባል፣ እንደ ጎርፍ የሚወርድ ፈጣን ዘፈንም አለ። በጣም ጥሩ ዘፈን ነው። ግን ሁለቱን አከታትዬ በሰማሁ ቁጥር ትከሻዬ ላይ የሚቀረው ዝግተኛው ነው።

«ሆስት የተባለው አልበም ክህደት ነበር»

በ1999 ባንዱ ሆስትን አወጣ። ጊታሩ ወደኋላ ሄደ፤ ኤሌክትሮኒክ ድምፆችና ኪቦርድ ፊት መጡ። ዲፔሽ ሞድ የተባለውን ባንድ የሚያውቅ ሰው ተጽዕኖውን ወዲያው ይለያል። የድሮ አድናቂዎች ተቆጡ፤ «ለገንዘብ ሲሉ ራሳቸውን ሸጡ» የሚለው ወሬም እስከ ዛሬ አልበረደም።

አልበሙን ግን እስኪ ተረጋግታችሁ አድምጡት። ዜማዎቹ ያው የባንዱ ጊታሪስት የግሬግ ማኪንቶሽ ዜማዎች ናቸው፤ ሐዘኑም ያው ሐዘን ነው። የተቀየረው ልብሱ ነው። ደግሞ ሰዎቹ ራሳቸው አላፈሩበትም። በ2023 ማኪንቶሽና ድምፃዊው ኒክ ሆልምስ ሁለት ሆነው በሌላ ፕሮጀክት አልበም አወጡ፤ የፕሮጀክቱንም ስም ሆስት አሉት። በሠራው ሥራ የተጸጸተ ሰው ከ24 ዓመት በኋላ ስሙን መልሶ አያነሳም።

«በ2015 ድንገት ተመለሱ»

ድንገት አይደለም። በ2007 የወጣው ኢን ሪኩዊየም ላይ ጊታሩ እንደገና ወፍሮ ነበር። በ2009 ፌይዝ ዲቫይድስ አስ፣ ዴዝ ዩናይትስ አስ መጣ፤ በ2012 ደግሞ ትራጂክ አይድል። እያንዳንዳቸው ከቀደማቸው ትንሽ ጠቆር እያሉ ነው የሄዱት። በ2015 የተጨመረው ለሃያ ዓመታት ያህል ከአልበሞቻቸው የጠፋው የሆልምስ ግሳት ነው። ያ ድምፅ በጣም ጎልቶ ስለሚሰማ ከእሱ በፊት የተጓዙትን መንገድ ሸፈነው።

«የተመለሱት አድናቂው ስለጮኸባቸው ነው»

ይሄኛው ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እውነተኛው ምክንያት ሞት ነው።

በ2009 የማኪንቶሽ አባት በካንሰር ሞቱ። እሱም ሐዘኑን የሚያወጣበት ሲፈልግ ቫለንፋየር የሚባል ሌላ ባንድ መሠረተ። የመጀመሪያው አልበም በ2011 ወጣ። የድሮ ዓይነት ሞት ሜታልና ዱም ነው፤ ጥሬና የቆሸሸ ድምፅ ያለው። የሚያገሳውም ራሱ ማኪንቶሽ ነው። በልጅነቱ የወደደውን ሙዚቃ ይዞ አባቱን አለቀሰ። የጻፈው ሰው ከቅርብ ሐዘን እንደመጣ ሳይነገራችሁም ይታወቃችኋል።

ሆልምስም በራሱ በኩል እዚያው ደረሰ። በ2014 ብለድባዝ የተባለው የስዊድን ሞት ሜታል ባንድ ድምፃዊ ሆኖ ገባ፤ በዚያው ዓመት አልበም አወጡ። እዚያ ሌላ ዓይነት አዘፋፈን አይሠራም፤ ማግሳት ግድ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች ለዘ ፕሌግ ዊዚን ስቱዲዮ ሲገቡ ጣታቸውም ጉሮሯቸውም ከሥራው ጋር ታርቆ ነበር። ድራም የመታው አድሪያን ኤርላንድሰን እንኳ ከማኪንቶሽ ጋር ቫለንፋየር ውስጥ የነበረ ሰው ነው።

አድናቂው ከሆስት ጀምሮ ሲጮህ ነበር። ጩኸት የሚያመጣቸው ቢሆን ኖሮ አሥራ ስድስት ዓመት ባልፈጀ።

«ግሳት ዝም ብሎ መጮህ ነው»

አይደለም። ዝም ብሎ የሚጮህ ሰው በአንድ ምሽት ድምፁ ይዘጋል። ግሳት ትንፋሽን ከሆድ ተቆጣጥሮ፣ ከድምፅ አውታሮች በላይ ያሉትን እጥፋቶች ጭምር በማርገብገብ የሚሠራ ጥበብ ነው። ልምምድ ይጠይቃል።

«ዱም ሜታል የሰይጣን ሙዚቃ ነው»

ጥቁር ልብስና የመቃብር ሥዕል አይቶ መፍረድ ቀላል ነው። ከዘርፉ ቀደምት ባንዶች አንዱ የሆነው የቺካጎው ትራብል ግን ክርስቲያናዊ ሐሳብ ባላቸው ግጥሞቹ ይታወቃል። የፓራዳይዝ ሎስት ግጥሞች ደግሞ ሞትን፣ ጥርጣሬን፣ እምነትንና ሰውን ማጣትን የሚያነሱ ናቸው። ሰው ሲሞትበት የደስታ ዘፈን መስማት የማይችል ሰው ይህን ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ።

«መመለስ ማለት የድሮውን መድገም ነው»

ባንዱ በ1991 ያወጣው ጎቲክ ታላቅ አልበም ነው። ዘ ፕሌግ ዊዚን ግን የጎቲክ ግልባጭ አይደለም። ሆልምስ በአንድ ዘፈን ውስጥ አግስቶ ወዲያው በጠራ ድምፅ ይዘፍናል፤ ያንን የጠራ ድምፅ ያገኘው ከከባዱ ሙዚቃ በራቀባቸው ዓመታት ነው። አን ኢተርኒቲ ኦፍ ላይስ የሚለው ዘፈን ላይ የአውታር መሣሪያዎች ይሰማሉ። ከአልበሙ ጥቂት ወራት በፊትም፣ በ2014፣ ቡልጋሪያ ፕሎቭዲቭ ባለው ጥንታዊ የሮማውያን ቲያትር ከኦርኬስትራና ከመዘምራን ጋር ተጫውተው ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት ልጆች ይህን አልበም መሥራት አይችሉም ነበር። ገና አልኖሩትማ።

በ2017 ደግሞ ሜዱሳ መጣ፤ ከዚህም የዘገየ፣ ከዚህም የከበደ። የመክፈቻው ዘፈን ፊርለስ ስካይ ብቻውን ከስምንት ደቂቃ በላይ ይሄዳል። እዚያ ላይ ድራም የሚመታው ፊንላንዳዊው ቫልተሪ ቫይሪነን የተወለደው በ1994 ነው። ጎቲክ ሲወጣ ገና አልተወለደም።