ከደጃፍ የተሰበሰበ ጥበብ፦ ምጽዋትና የጎጃም ቅኔ ቤቶች

ጎጃም ከሁሉ በላይ የሚታወቅበት ጥበብ ቅኔ ነው፤ ቅኔውን ለዘመናት ያቆመው ደግሞ የገበሬው ሌማት ነው። አቋቋም (የዝማሬና የሽብሸባ ትምህርት) ፈላጊ ወደ ጎንደር፣ ድጓ (የዜማ መጽሐፉን) ፈላጊ በደቡብ ጎንደር ወዳለው ቤተልሔም እንደሚሄድ ሁሉ ቅኔ የተጠማ ተማሪ ከትግራይም ከወሎም ከሸዋም ተነሥቶ ጎጃም ይገባል። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ጽላሎ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ ከሊቃውንቱ አፍ የማይጠፉ ስሞች ናቸው። የጎንጁ ተዋነይ በትውፊት ከቅኔ አባቶች አንዱ ሆኖ ይጠራል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ አልፈዋል።

ከላይ የሚመጣ ድጋፍ አልነበረም ማለት አይደለም። መርጡለ ማርያምን ያሠሩት እቴጌ እሌኒ ናቸው። በ1873 ዓ.ም. የነገሡት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ሠዓሊና ታሪክ ጸሐፊ የነበሩትን አለቃ ተክለ ኢየሱስን በቤተ መንግሥታቸው አስጠግተው አሠርተዋል። አድባራቱ ጉልት ነበራቸው፤ መምህሩም ከዚያው ድርሻውን ያገኝ ነበር። ይሁን እንጂ መሬቱ የመምህሩን ወንበር አጸና እንጂ ከወንበሩ ሥር የተኮለኮለውን ልጅ አላበላም። ልጁን ያበላው መንደሩ ነው።

የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ከጎጆው ይወጣል። ቀላል የማይባል ጠላቱ ውሻ ነው፤ ከተማሪ ቤት ካለፈ ሰው ጋር የተጫወተ ሁሉ የውሻ ታሪክ ሳይሰማ አይነሣም። ደጃፍ ላይ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ባለቤቲቱ ካላት ከሌማቱ ቁራሽ አንሥታ፣ ወጥ ካለም ጣል አድርጋበት ትሰጠዋለች። ከሌላት «እግዜር ይስጥልን» ትላለች፤ ያ የሌለው ሰው ጨዋ መልስ ነው፣ ተማሪውም ሳይከፋ ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል። ሲመለስ አኩፋዳው ውስጥ የጤፉ፣ የዳጉሳው፣ የበቆሎውና የገብሱ እንጀራ ተደባልቆ ነጭ፣ ቀይና ጥቁር ሆኖ ይገኛል። የመንደሩን አዝመራ ማወቅ የፈለገ አኩፋዳ ማየት ይበቃዋል። የተረፈው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። አዝመራ በገባበት በጥር ሁሉም ደጅ ይሰጣል፤ ጎተራው በተሟጠጠበት በነሐሴ ግን ድርቆሽና ቆሎ ያላጠራቀመ ተማሪ ጾሙን ያድራል።

አብዛኛው ልጅ የሚማረው ከትውልድ ቀዬው ርቆ ነው። መምህር ፍለጋው አንድ ነገር ሆኖ፣ የሚያውቁት ሰው ደጅ ላይ ቆሞ መለመንም ያሳፍራል።

በዚህ ቁራሽ የሚገዛው ጊዜ ነው። ተማሪው የግእዝ ግስ ይወርዳል፣ አገባብ ያጠናል፣ ከዚያ ጫካ ገብቶ ብቻውን ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል፤ የቆጠረውንም ለየኔታ ይነግራል። ሁለት ቤት (ስንኝ) ካለው የቅኔ ዓይነት፣ ከጉባኤ ቃና፣ ይነሣና ሦስት ቤት ባላቸው በዘአምላኪየና በሚበዝኁ አድርጎ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። ቅኔ ደግሞ አይደገምም፤ የትናንቱን ዛሬ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ በየበዓሉ አዲስ ሰም፣ አዲስ ወርቅ መፍለቅ አለበት።

በዚህ ልማድ ውስጥ እኔን ዘወትር የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ቁራሹን የምትሰጠው እናት በአብዛኛው ግእዝ አትሰማም። ልጁ ምን እንደሚቆጥር አትጠይቅም፣ ስሜን አንሣልኝ አትልም፤ የሰጠችው ለእመቤታችን ስም ነው። ጌታና ባለጸጋ ሲሰጥ ግን ውዳሴ ይጠብቃል፤ በተዝካርና በግብዣ ላይ ስለ ለጋስነቱ የሚዘረፈውም ቅኔ ጥቂት አይደለም። ቅኔ ቤት በጌታ ግብር ብቻ ቢያድር ኖሮ ቅኔው የውዳሴ መዝገብ ሆኖ ይቀር ነበር ባይ ነኝ። ባለሥልጣንን በሰሙ አመስግኖ በወርቁ የሚሸነቁጠው ድፍረት የመጣው እንጀራው ከመቶ ደጅ ስለተለቀመ ይመስለኛል።

ከዚህ ወንበር ከተነሡት ሁሉ ተለይተው የሚታወሱት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ የሴት መምህር ባልተለመደበት ዘመን በጽላሎ ጉባኤ ዘርግተው ብዙ ሊቃውንት አፍርተዋል።

ደጃፍ ያኖረው ጥበብ ቅኔ ብቻ አይደለም። ላሊበላ ወይም ሐሚና የሚባሉት ጎሕ ሳይቀድ ከሰው አጥር ሥር ቆመው፣ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት አጣርተው በዜማ እያሞገሱ ይለምናሉ፤ ሲሰጧቸው መርቀው ይሄዳሉ። ዜማውን ቢተዉ ቆማጣ ያደርገናል ብለው ያምናሉ ይባላል። አዝማሪ ግን ለማኝ አይባልም፣ ሽልማት ነው የሚቀበለው። በአዊ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፦ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የፈረስ ትርኢቱን በአባላቱ ኅብረት አቁሞ፣ በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ያከብራል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ነው። ጉልቱ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ መምህሩም እንደ ተማሪው የሰው እጅ ማየት ጀመረ። ገበሬው ከሰጠው እህልና ከሰበካው ትንሽ ደመወዝ በቀር መተዳደሪያ ያልነበራቸው የኔታዎች ብዙ ናቸው።

ዛሬ ድጋፉ ከሩቅም ይመጣል። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን የአብነት ትምህርት ቤቶችን መርዳት ከዋና ሥራዎቹ አንዱ አድርጎታል። ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር ያሉ የየአጥቢያው ተወላጆችም ገንዘብ አዋጥተው ማደሪያ ያሠራሉ፣ ውኃ ያስገባሉ፣ ብርድ ልብስና ሳሙና ይልካሉ። የሳሙናው ነገር ቀልድ አይደለም፤ ተፋፍጎ በሚታደርበት ጎጆ እከክና ተስቦ ብዙ ተማሪ ፈጅተዋል። ነገር ግን ለጋሹ ቆሞ የሚመረቅ ቤት ይወዳል፤ የነሐሴን ምሳ ግን ሪባን ቆርጦ የሚመርቀው የለም። ባለፉት ዓመታት በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት መንገዱን ስላከበደው ከሩቅ አገር መጥቶ መማርም ለልጆቹ እንደ ድሮው አልሆነም።

አዲስ ማደሪያ በቆመበትም ቢሆን ጠዋት አኩፋዳው ከሚስማሩ ይወርዳል። ቅኔውም የሚቆጠረው እዚያው ከዛፉ ሥር ነው። የቆርቆሮው ጣሪያ ግን ለድርቆሽ ሆኗል፤ ፀሐይ ሲያገኝ ከሣሩ ክዳን ይልቅ ቶሎ ያደርቃል።