ኮንሳይንመንት ምንድን ነው? የእጅ ጌጥን በሱቅና በጋለሪ በአደራ ስለመሸጥ

በእጅ የተሠራ ጌጥ ለሱቅ የሚቀርብበት መንገድ በአብዛኛው ሁለት ነው። አንደኛው ጅምላ ነው፤ ባለሱቁ ከፍሎ ይረከባል፤ ከዚያ በኋላ ቢሸጥም ባይሸጥም ጣጣው የእሱ ነው። ሁለተኛው ኮንሳይንመንት ይባላል። እዚህ ላይ ሠሪው ጉትቻውን፣ ሐብሉን ወይም ቀለበቱን በአደራ ያስቀምጣል፤ ባለሱቁም ሲረከብ ምንም አይከፍልም። ዕቃው ሲሸጥ ድርሻውን ቀንሶ የቀረውን ለሠሪው ይሰጣል፤ ካልተሸጠም ይመልሳል።

ዋናው ነገር የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ገዢ ከፍሎ እስኪወስደው ድረስ ጌጡ የሠሪው ንብረት ነው፤ ሱቁ ጠባቂና ሻጭ እንጂ ባለቤት አይደለም። የሂሳብ አያያዝ ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ቁጥር 15፣ በአደራ የተላከ ዕቃ ሻጩ ዘንድ ስለደረሰ ብቻ ገቢ ተብሎ እንዳይመዘገብ ያደርጋል። 30 ጌጥ ሱቅ ያስገባ ሰው ገና አንድም አልሸጠም ማለት ነው። ብዙ ሠሪ ግን ሥራው መደርደሪያ ላይ ሲወጣ የተሸጠ ያህል ይደሰትና ለቀጣዩ ሥራ ጥሬ ዕቃ ለመግዛት ይሮጣል።

እኔ ኮንሳይንመንትን የማየው ሠሪው ለሱቁ እንደሚሰጠው ብድር ነው። ባለሱቁ በራሱ ገንዘብ ሊሞላው ይገባ የነበረውን መደርደሪያ በእናንተ ብርና ድንጋይ ይሞላል። አንድ ጌጥ 20 የሚያወጣ ጥሬ ዕቃ ይፈጃል እንበል። በ5 ሱቅ 20፣ 20 ጌጥ ያስቀመጠ ሰው ጉልበቱን ሳይቆጥር 2,000 በሰው ቤት አስቀምጧል። ይህን ገንዘብ ለወራት ሳያገኙት መሥራት መቻል አለመቻልን ከሁሉ በፊት ማስላት ያስፈልጋል።

ክፍፍሉ እንደየቦታው ይለያያል። የተለመደው ግማሽ በግማሽ ወይም 60 በመቶ ለሠሪው፣ 40 በመቶ ለሱቁ ነው። ድርሻው የሚታሰበው ገዢው ከሚከፍለው ዋጋ ላይ ስለሆነ የዋጋ አወጣጡ ከዚያ መነሳት አለበት። መሸጫው 100 የሆነ አንድ ጥንድ ጉትቻ እንውሰድ። ጥሬ ዕቃው 20፣ የሁለት ሰዓት ሥራው 30፣ በድምሩ 50 ወጣበት። በ60/40 ሲሸጥ ለሠሪው 60 ይደርሰዋል፤ 10 ይተርፈዋል፤ መሣሪያውን፣ ማሸጊያውንና መጓጓዣውን የሚሸፍነው በዚህች ነው። በግማሽ በግማሽ ቢሆን የሚደርሰው 50 ብቻ ነው፤ ትርፍ የሚባል የለም። በ60/40 እያለ ደግሞ ባለሱቁ በራሱ ፈቃድ 20 በመቶ ቅናሽ ቢያደርግና ቅናሹ ለሁለቱም ይድረስ ቢባል፣ ከ80 ላይ የሠሪው ድርሻ 48 ይሆናል፤ ሠሪው 2 ከስሮ ሸጠ ማለት ነው። ስለዚህ ያለሠሪው ፈቃድ የሚደረግ ቅናሽ ከሱቁ ድርሻ ብቻ እንዲቀነስ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። ሠሪውም በበኩሉ ያንኑ ጉትቻ በራሱ ገጽ ላይ ከሱቁ አሳንሶ መሸጥ የለበትም። ገዢው ሱቅ ውስጥ ለክቶ ሄዶ ከሠሪው የሚገዛ ከሆነ የትኛውም ባለሱቅ አይታገስም፤ አለመታገሱም ተገቢ ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ኮንሳይንመንት ያለ ወረቀት ጓደኛሞችን ሲያጣላ ይኖራል። ውሉ ረጅም መሆን የለበትም፤ ከውሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያድነው የርክክብ ዝርዝሩ ነው። በዝርዝሩ እያንዳንዱ ጌጥ የራሱ መስመር ይኖረዋል፦ «ጉ-14፣ የብር ጉትቻ ከሰማያዊ ድንጋይ ጋር፣ 3 ጥንድ፣ የአንዱ መሸጫ 100»። ያው ቁጥር በጌጡ ላይ በታሰረችው ትንሽ ወረቀትም ይጻፋል። ሁለቱም ወገን ቆጥረው ይፈርሙና አንድ አንድ ቅጂ ይይዛሉ። ከወር በኋላ ሁለት ጥንድ ብቻ ቢገኝ፣ ሦስተኛው ወይ ተሽጧል ወይ ጠፍቷል፤ ክርክር የለውም።

የጠፋው ዕቃ ታዲያ የማን ነው? ጌጥ ትንሽ ነው፤ በእፍኝ ይያዛል፣ ኪስ ይገባል። ዕቃው በሱቁ እጅ ሳለ ለተሰረቀውም ለተሰበረውም ሱቁ የሠሪውን ድርሻ እንዲከፍል በውሉ መጻፍ አለበት። ይህን አልፈርምም የሚል ባለሱቅ ካጋጠመ ዕቃን ይዞ መመለስ ይሻላል። የሱቁ ኢንሹራንስ የሰው ዕቃንም ይሸፍን እንደሆነ መጠየቅም ነውር አይደለም። ሱቁ ቢከስር ሌላ አደጋ አለ፤ በአንዳንድ አገሮች በአደራ የተቀመጠ ዕቃ በሕጉ መሠረት ካልተመዘገበ አበዳሪዎች ከሱቁ ንብረት ጋር ሊጠቀልሉት ይችላሉ። ውድ ሥራ የምታስቀምጡ ከሆነ የምትሸጡበትን አገር ሕግ ጠይቁ።

ክፍያው በየወሩ በተወሰነ ቀን፣ ምን እንደተሸጠ ከሚገልጽ ዝርዝር ጋር ቢሆን ጥሩ ነው። ለአደራው ጊዜም ገደብ ይኑረው፤ 3 ወር ለአብዛኛው ጌጥ በቂ ነው።

ስለ ብር ጌጥ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ሱቅ ውስጥ የሚጎዳው ነገር ብዙ ጊዜ አይታሰብበትም። 925 የሚል ማህተም ያለው ብር 92.5 በመቶው ብር ሲሆን ቀሪው ብዙ ጊዜ መዳብ ነው። አየር ውስጥ ያለ የድኝ ጋዝ ሲነካው መጀመሪያ ቢጫ ይላል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፤ እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል። መደርደሪያው የሱፍ ጨርቅ የተነጠፈበት ከሆነ ይብሳል፤ ሱፍ ራሱ ድኝ አለው። የጠቆረ ጉትቻ ገዢ አያነሳውም፤ ባለሱቁም «የአንተ ሥራ አይሸጥም» ይላል። መደርደሪያ ላይ ያልወጣው ጌጥ አየር በማያስገባ ትንሽ ከረጢት ውስጥ ይቀመጥ፤ የወጣው ደግሞ በለስላሳ የማጽጃ ጨርቅ በየጊዜው ይወልወል፤ ወልዋዩ ማን እንደሆነም አስቀድሞ ይታወቅ።

ጋለሪ ከሱቅ የሚለየው በዋናነት በገዢው ነው። ወደ ጋለሪ የሚመጣ ሰው ስለሠሪው ማወቅ ይፈልጋል፤ ጥቂትና ውድ ሥራ እዚያ ይሄዳል፣ ርካሹና ቶሎ ቶሎ የሚወጣው ሱቅ ይቆያል። ጋለሪ በአካባቢው ለሌላ እንዳትሰጡ ሊጠይቅ ይችላል። በጊዜ ተወስኖ፣ በምላሹም ለሥራው የተለየ ቦታ የሚሰጥ ከሆነ እሺ ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ሲባል ኮንሳይንመንት ለማንም አይሆንም ማለቴ አይደለም። ማንም ለማያውቀው ሠሪ በር የሚከፍት፣ የትኛው ሥራ እንደሚወደድ የራሱን ሥራ እያየ እንዲማር የሚያደርግ መንገድ ነው። አንድ ሱቅ ያንኑ ጉትቻ በየወሩ እየሸጠ ተጨማሪ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ለመሞከር የሚበቃው ጊዜ አልፏል፤ ያኔ ሠሪው ቀጣዩን ደርዘን በጅምላ ዋጋ፣ በቅድሚያ ክፍያ እንዲወስዱለት መጠየቅ ይችላል።