እንግሊዝኛ የሚያስቸግረን የምናስበው ቦታ ላይ አይደለም

አንድ ሐበሻ እንግሊዝኛ ሲናገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ፈረንጁ ሐሳቡን ይከታተላል። አጠገቡ ያለው ሐበሻ ግን ጆሮውን አቁሞ ስህተት ይለቅማል። ለዓመታት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ተማሪዎቼን አፍ የሚያስይዛቸው የቃላት ማነስ አልነበረም። ይህ ለቃሚ ጆሮ፣ እሱም ላይ ስለ ቋንቋው ሲነገራቸው ያደጉት ወሬ ነው። ደጋግሜ የሰማኋቸውን እነሆ።

«አክሰንት ካለህ እንግሊዝኛ አትችልም»

አክሰንት የሌለው ሰው የለም። የለንደኑም፣ የቴክሳሱም፣ የሌጎሱም አለው። ጎጃሜና ወሎዬ አማርኛ ሲያወሩ ይለያሉ፤ አንዳቸውንም «አማርኛ አይችልም» አንልም። ጆሴፍ ኮንራድ ከፖላንዳውያን ቤተሰብ ነው የተወለደው። እንግሊዝኛን የለመደው ከሃያ ዓመቱ በኋላ፣ በእንግሊዝ መርከቦች ላይ ሲሠራ ነበር። ከቋንቋው ታላላቅ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች አንዱ ሆነ። አክሰንቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1924 እስኪሞት አብሮት ኖረ።

«ዋናው ጣጣችን ቲኤች ነው»

ድምፁ አማርኛ ውስጥ የለም። ስለዚህ «ዚስ»፣ «ዛት»፣ «ሲንክ» እንላለን፤ ከዚያም እናፍራለን። አየርላንድ ውስጥ «ዲስ»ና «ቲንክ» የሚሉ ሞልተዋል። ለንደን ሄዳችሁ «ፊንክ» የሚል አታጡም። እነሱ ሲያፍሩ አላየሁም። (አንድ ምክር ብቻ፦ «አይ ሲንክ» ካላችሁ ፈረንጁ «እሰምጣለሁ» ብላችሁ ነው የሚሰማው። «ቲንክ» ይሻላል።)

ብዙውን ጊዜ ሰሚውን የሚያደናግረው ሌላ ነገር ነው፤ ምቱ። አማርኛ የቃሉን ክፍሎች በተቀራረበ ጉልበት ይጠራል። እንግሊዝኛ አንዱን ይጫንና ሌላውን ይውጣል። «ፎቶግራፍ» ሲሉ የሚጫኑት «ፎ» ላይ ነው። ፎቶ አንሺውን ሲጠሩ ግን «ፎ»ዋ ትዋጥና ጉልበቱ ወደ «ቶ» ይሄዳል፤ «ፈቶግረፈር» ይሆናል። እኛ ፊደል በፊደል «ኮምፎርታብል» የምንለውን እነሱ «ከምፍተብል» ይሉታል። በትክክል እያንዳንዷን ፊደል ጠርታችሁ ሰውየው «ምን?» ካላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሳድስ ፊደላችንም ያሳስተናል። አንዳንዴ «እ» አለበት፣ አንዳንዴ የለበትም። «ስትሪት» በእነሱ አፍ አንድ ትንፋሽ ነው። እኛ መሃል መሃሉ ላይ «እ» እየሰካን ሦስት እናደርገዋለን። እንግሊዝኛን በፊደላችን ጽፎ የሚያጠና ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ።

ደስ የሚለው ደግሞ፣ ያ የሚዋጠው አናባቢ ከእኛ «እ»ና «ኧ» ጋር በጣም ይቀራረባል። እንግሊዝኛ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚሰማው አናባቢ እሱ ነው። ስፔናዊው በቋንቋው ስለሌለው ይታገልበታል። እኛ ከእናታችን ወርሰነዋል፣ ግን አንጠቀምበትም።

«የእንግሊዝኛ ስፔሊንግ ዕብደት ነው፤ አማርኛ እንደተጻፈው ይነበባል»

እስቲ «ገና» ብላችሁ ጻፉ። በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልመጣም» የሚለው? «ዋና»ስ? ውኃ ውስጥ ነው ወይስ ዋነኛ ለማለት? ፊደሉ መጥበቅና መላላቱን አይነግራችሁም። ከዙሪያው ገምታችሁ ነው የምታነቡት፤ ስለለመዳችሁት ግን መገመታችሁ አይታወቃችሁም።

«ፀሐይ»ን ደግሞ በየትኛው «ጸ» እንጻፈው? በየትኛው «ሀ»? እነዚህ ፊደላት በግዕዝ በአንድ ወቅት የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። በአማርኛ ድምፁ ተዋሐደ፣ ፊደሉ ቀረ። እንግሊዝኛም የሆነው ይኸው ነው። ፈረሰኛ ጦረኛው «ናይት» ሲጻፍ ከፊቱ የምትቆመው ኬ ዱሮ ትነበብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1476 ዊሊያም ካክስተን ማተሚያ ማሽን ዌስትሚንስተር ላይ ተከለ። ከዚያ ወዲህ አጻጻፉ ቀስ በቀስ ረጋ። አነጋገሩ ግን አልረጋም፤ በተለይ ረዣዥሞቹ አናባቢዎች ለብዙ ትውልድ መለዋወጣቸውን ቀጠሉ። ለዚህ ነው ዛሬ ያንን የጥንት አነጋገር እየጻፍን አዲሱን የምናነበው።

አውቀው የጨመሩትም አለ። ዕዳ ማለት የሆነው «ዴት» ከፈረንሳይኛ ሲመጣ ቢ አልነበረውም። ምሁራን የላቲን ዘሩን እናሳይ ብለው ሰኩበት። እንዲጻፍ እንጂ እንዲነበብ አልሆነም። ያቺን ቢ ረስቼ ቀይ እስክሪብቶ የተሠመረብኝ ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ እከራከር ነበር።

«የስ ማለት አዎ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። ይሄኛው ደግሞ ከቲኤች በላይ ሰው ያስቸግራል። «አትመጣም?» ተብላችሁ «አዎ» ካላችሁ፣ በአማርኛ አልመጣም ማለታችሁ ነው። በእንግሊዝኛ ግን «የስ» ማለት እመጣለሁ ነው።

አክስቴ አሜሪካ ስትገባ የኤርፖርቱ ሠራተኛ «ሥጋ አልያዝሽም?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቃት። «የስ» አለችው፣ በልበ ሙሉነት። አልያዝኩም ማለቷ ነበር። ሻንጣው ተከፈተ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ ጠረጴዛው ላይ ተደረደረ። ሥጋ ግን የለም። ሰውየው ግራ ገብቶት እንደገና ጠየቃት፤ እሷም ተናዳ «የስ! የስ!»። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ ውስጥ ሕግ አውጥተናል፦ በ«የስ»ና በ«ኖ» አትመልሱ፣ «አይ ዶንት ሃቭ» ብላችሁ ጨርሱት።

«ግራመሩን ሳልጨርስ አፌን አልከፍትም»

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ አድርጓል። አሥራ ሁለት ዓመት «ፓሲቭ ቮይስ» ሠርቶ ሻይ ማዘዝ የሚፈራ ሰው አውቃለሁ። በዚያ ላይ ብዙ ስህተቶቻችን ከአማርኛ ተተርጉመው የሚመጡ ናቸው። «ስለ» ስላለን «ዲስከስ አባውት»፣ «ጋር» ስላለን «ማሪድ ዊዝ» እንላለን። ቴሌቪዥኑን «ዝጋው» ስለምንል «ክሎዝ ዘ ቲቪ» ይወጣናል። እነዚህ ተናግራችሁ ካልወጡ ማን ያርማቸዋል?

«ትክክለኛው የእንግሊዞቹ ነው»

ማን ፈረደ? ፈረንሳይኛ እ.ኤ.አ. ከ1635 ጀምሮ አካዳሚ አለው፤ እንግሊዝኛ ዳኛ የለውም። አሜሪካኖቹ «ዋተር» ሲሉ መሃሏ ያለችው ቲ ቁርጥ የእኛን «ረ» ትመስላለች፤ «ዋረር»። የፈለጋችሁትን ያዙ፣ ብቻ ፈተና ላይ ሁለቱን አጻጻፍ አትቀላቅሉ።

«ቃሉ እንግሊዝኛ ከሆነ ፈረንጅ ይገባዋል»

ሱቅ ገብታችሁ «ሶፍት» ስጡኝ በሏቸው። ምን ዓይነት ለስላሳ ነገር እንደፈለጋችሁ ይጠይቋችኋል። «ስቲኪኒ»ም አትሞክሩ፤ እሱ ጭራሽ ጣሊያንኛ ነው።