ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ፦ ስለመሰበር እኮ አይደለም

ይቺን ተረት ሁላችንም እንላታለን። ጓደኛ ሲከዳ፣ ትዳር ሲናጋ፣ አንዴ የተዋሸ ሰው "በቃ ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ" ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ትርጉሙም ያው ነው፣ አንዴ የጎደለ መተማመን እንደድሮው አይሆንም። ግን ብዙ ሰው ነቃ ሲባል ተሰበረ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ነቃ ማለት ተሰነጠቀ ነው፣ ንቃቃት ሚባለውም ከሱ ነው። የተሰበረውማ ተጠርጎ ይጣላል ማን ይከራከርሃል፣ የነቃው ግን አሁንም ቆሟል፣ ከሩቅ ስታየው ደህና ነው፣ የተረቱ ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው።

ብርሌ ያው ለአረቄ መለኪያ እንዳለው ለጠጅ ያለው ነው፣ ሆዱ ክብ አንገቱ ረዘም ያለ። ስሙ ከግዕዙ ቢረሌ ጋ ይዛመዳል፣ ራእይ 21፥20 ላይ ስምንተኛው የከበረ ድንጋይ፣ ጀርመኖች መነፅርን ብሪለ የሚሉትም ከዛው ድንጋይ ስም ነው ቢባል ማን ያምናል።

የነቃውን ማወቅ ከፈለክ አንገቱን ይዘህ በጥፍርህ ጠቅ አርገው። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮህና ድምፁ ትንሽ ይቆያል፣ የነቃው ጠክ ብሎ እዛው ይሞታል፣ የስንጥቁ ጠርዞች እየተፋተጉ ንዝረቱን ስለሚበሉት። አንዴ እኔ ሳላይ የነቃ ደርሶኝ፣ ሆዱ ላይ ላብ ላብ ሲለው ቀዝቅዞ ነው ብዬ ዝም፣ ኋላ ጣቴ እርስ በርሱ ሲጣበቅ ነው ጠጁ መሆኑ የገባኝ። ፀጉር የምታህል መስመር ናት እኮ! ግን ብርጭቆ እንደብረት ስለማይለመጥ ጫናው ሁሉ ስንጥቁ ጫፍ ላይ ይከማቻል፣ ግሪፊዝ የሚባል እንግሊዛዊ ኢንጂነር እ.ኤ.አ. በ1921 ይሄን በሂሳብ አውጥቶታል፣ ስለዚህ በሙቅ ውሃ ስትለቀልቀው ወይ ጠረጴዛ ላይ ጠበቅ አርገህ ስታስቀምጠው መስመሯ ትረዝማለች፣ ወደኋላ ሚባል ነገር የለም።

ደሞ ቃሉ ወርቅ አለው፣ የተታለለ ሰውም "ነቃሁ" ነው ሚለው፣ ከነቃ በኋላ መልሰህ አታስተኛውም።

"አይሆንም ዕቃ" የምትለዋን ግን ቀላል እንዳታረጓት። እንስራ ሲነቃ እህል ይቀመጥበታል፣ ቅል ሲነቃ ይሰፋል። ብርሌ አንገቱ ጠባብ ነው፣ ጠጅ ካልያዘ ጨው እንኳን አታስቀምጥበትም።