የምግብ ማቀነባበር ምርምር በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራራቁ ጎረቤታሞች ናቸው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ ቦርከና ወንዝ ወርዳ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በዚህች አጭር ቁልቁለት አየሩም እህሉም ይለወጣል። ላይ ገብስ፣ ባቄላና ስንዴ ነው። ታች ማሽላና ጤፍ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲሄዱ የደላንታ ጥቁር አፈር አለ፤ እዚያ ምስርና ጓያ ይበቅላል።

ዩኒቨርሲቲዎች ተጣምረው በዚህ አካባቢ ምግብ ላይ የሠሩት ምርምርም የእህሉን ካርታ ተከትሏል። ስለ ማሽላና ስለ ጓያ ብዙ ተጽፏል። ሌላው ላይ ጽሑፉ ሳሳ ይላል፤ ይህ ዳሰሳም እንደዚያው ነው።

ማሽላ

የወሎ ማሽላ በዓለም ሳይንስ መዝገብ ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ያለው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ በሺዎች የሚቆጠር የማሽላ ናሙና ሲያበጥሩ ቆይተው ነበር። የሚፈልጉት ላይሲን የበዛበትን ነው። ላይሲን ሰውነታችን ራሱ የማይሠራው፣ ከምግብ ብቻ የሚያገኘው አሚኖ አሲድ፣ ማለትም የፕሮቲን መሥሪያ ነው። ማሽላ ደግሞ በዚህ ድሃ ነው።

ከዚያ ሁሉ ናሙና ሁለት ብቻ ጎልተው ወጡ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ፣ ከወሎ የሄዱ ናቸው። የመዝገብ ቁጥራቸው አይኤስ 11167 እና አይኤስ 11758 ነው። ከመቶ ግራም ፕሮቲናቸው ውስጥ ከ3 ግራም በላይ ላይሲን ተገኘ። በተለመደው ማሽላ 2 ግራም ገደማ ነው። የተመገቡት የሙከራ አይጦችም በተለመደው ማሽላ ካደጉት በእጅጉ ፈጥነው ክብደት ጨመሩ።

ግኝቱ የፐርዱ ነው ተብሎ ተመዝግቧል። ትክክል ነው፤ ላይሲኑን የለኩት እነሱ ናቸው። ዘሩን ግን የወሎ ገበሬ ከጥንት ያውቀዋል። ወተት በጉንጬ እያለ ይጠራዋል። ምርቱ አነስተኛ እንደሆነም አይጠፋውም። ለጣዕሙ ሲል ከሌላው ማሽላ ጋር አሰባጥሮ ይዘራዋል። የሚበላውም በአብዛኛው በእሸቱ ነው። ፍሬው ወተቱን ጨርሶ እንደ ሊጥ መጠጠር ሲጀምር ራሱ ይቆረጣል። ፍም ላይ ይገላበጣል። ከዚያ በመዳፍ ይታሽና ገለባው እፍ ይባላል። ትኩሱን የቀመሰ ሰው የላቦራቶሪ ማስረጃ አይጠይቅም።

የፐርዱ ጽሑፍ የወጣው በ1965 እና 66 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ወቅት መሆኑን ሳይጠቅሱ ማለፍ ይከብዳል። የውጭ ተመራማሪ የወሎን የዘር ሀብት በሚያደንቅበት ዓመት ወሎዬው በረሃብ ያልቅ ነበር።

ዘሩ ለምን አልተስፋፋም? ፍሬው ሲደርቅ ይጨማደዳል። ውስጡ ዱቄታም ስለሆነ ሚዛን አያነሳም። ነቀዝና ሻጋታም ይደፍረዋል። አዳቃዮች ላይሲኑን ይዘው ጉድለቱን ለመጣል ብዙ ደክመዋል፤ ውጤቱ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ማሽላው ከበሰለ በኋላ ምን ይሆናል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 በፔሩ ሕፃናት ላይ የተሠራ ጥናት አስደንጋጭ ቁጥር አወጣ። ሕፃናቱ ከማሽላ ገንፎ ፕሮቲን የፈጩት 46 በመቶውን ብቻ ነበር። የስንዴው 81 በመቶ ነበር። ምክንያቱ ካፊሪን የሚባለው የማሽላ ፕሮቲን ነው፤ በእርጥበት ሲበስል እርስ በርሱ ይተሳሰርና ለሆድ ያስቸግራል። ሊጡ ሲቦካ ግን ነገሩ ይሻላል። እርሾው ሊጡን ያኮመጥጠዋል፣ ፕሮቲኑን ያላላዋል፣ ብረትና ዚንክ አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገርም ይቀንሳል። ከገንፎ ይልቅ እንጀራን ያስቀደመ ሕዝብ ባይለካውም አልተሳሳተም።

ደሴ ላይ የማሽላ እንጀራ ሲባል ፊቱን የሚያጨማድድ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው ኮምቦልቻ ወርዶ ከምጣድ የወጣውን ይቅመስ። ችግሩ ያለው በማግስቱ ነው። የጤፍ እንጀራ ሲያድር ይጠቀለላል፤ የማሽላው ይደርቅና ይሰባበራል። ይህን የፈተሸው ትልቁ ሥራ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር፣ የደቡብ አፍሪካው ፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ባለሙያዎች አብረው የሠሩት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጽሑፍ 12 የማሽላ ዝርያዎችን ጋግረው አወዳድረዋል። የእንጀራው ልስላሴ በዝርያው በጣም እንደሚለያይ አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሁለት መፍትሔ ሞከሩ፦ መሸክሸክና ከጤፍ ጋር መቀላቀል። ሁለቱም ሠሩ። በተለይ ጣኒን የሚባለው መራራ ንጥረ ነገር ያለበት ቀይ ማሽላ ተሸክሽኮ ሲፈጭ እንጀራው ይለሰልሳል፣ መራራነቱም ይቀንሳል። ሽክሸካው ግን ከገለባው ጋር ብረትና ዚንክም ይዞ ይሄዳል። ይህ በወፍጮ ቤት ወሬ ላይ ብዙ አይነሳም።

የማሽላን ሥር እየመጠጠ በሚያቀጭጨው አረም፣ በአቀንጭራ በኩል የገቢሳ ኤጀታ ሥራ የታወቀ ነው። እሳቸውም የፐርዱ ሰው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ጎቢዬና አብሽር የተባሉት አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ወሎ ድረስ ደርሰዋል፤ ጎቢዬ ስሙም በራያ ቆቦ ካለችው ከተማ ነው። ገበሬው አገዳቸው አጭር ነው ብሎ ያማል። ከብቱ ምን ይብላ፣ ቤቱ በምን ይታጠር? ተገቢ ጥያቄ ነው። ለክምችት የሚሆነው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢትም መነሻው ፐርዱ ነው፤ አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል።

ጓያ

ወሎ ለምግብ ሳይንስ ካበረከተው ሁሉ ክብደት ያለው የጓያ ጥናት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዋጋውም ከባድ ነበር።

ጓያ ድርቅንም ውኃ መተኛትንም ይችላል። ሌላው ሁሉ ሲከዳ እሱ ይገኛል። ውስጡ ግን ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል። ጡንቻው ይገተራል፣ ሰውየው በጣቱ እየቆመ በምርኩዝ መሄድ ይጀምራል፣ ከባሰም ይድሃል። አይድንም። ይበልጥ የሚመታውም ወጣት ወንዶችን ነው። በድርቅ ጊዜ መርዙ በፍሬው ውስጥ ይጨምራል፤ ልክ ሰው በጓያ ላይ የሚንጠለጠልበት ጊዜ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. የ1995 እና 96ቱን ድርቅ ተከትሎ በሽታው በደላንታ እንደ ወረርሽኝ ተነሳ። ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ከቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ጉዳዩን ተከታተሉት። የመጀመሪያው ዘገባ እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። በኋላ የአንትወርፕ የሐሩር ክልል ሕክምና ተቋምም ተቀላቀለ።

የዚህ ቡድን ብልህነት ጥያቄው ላይ ነው። ጓያ መርዛም መሆኑ ድሮም ይታወቃል። እነሱ የጠየቁት እንዴት ተሠርቶ ሲበላ ነው የሚጎዳው ብለው ነው። የታመሙትንና ያልታመሙትን ጎን ለጎን አድርገው የየቤቱን አበሳሰል መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ውጤት እንዲህ ይነበባል። ንፍሮና ጥሬ እሸት የበሉት ላይ አደጋው ከፍ ብሏል። በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ የበሉት ላይ ግን ይህ ግንኙነት አልታየም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ካለበት ወጥ ጋር መብላት አደጋውን በአራት እጥፍ ቀንሶታል። ጓያውን ከእህል ጋር መቀላቀልም ይከላከላል፤ እህሉ ጓያ የሚጎድለውን ድኝ ያለበትን አሚኖ አሲድ ይሰጣልና። ከዚህ የወጣው ምክር ቀላል ነው። በድርቅ ጊዜ ለጓያ አገር እህል ቶሎ ይድረስ።

አንድ ነጥብ እስካሁን ያከራክራል። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ጥናት ምግቡን በሸክላ ድስት ብቻ የሚያበስሉ ቤቶች ላይ በሽታው በርክቶ አግኝቷል። ሸክላው ራሱ ነው ወይስ ከሸክላ ሌላ ድስት ለመግዛት ያላስቻለው ድህነት? እኔ ወደ ድህነቱ አደላለሁ፤ ተመራማሪዎቹ ግን ሸክላውን በቀላሉ አልጣሉትም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በእርሾው በኩል መጡ። እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ጤፍና ጓያን ዘጠኝ ለአንድ እና ስምንት ለሁለት ቀላቅለው አቦኩ። ጤፉ ላይሲን ያንሰዋል፣ ጓያው ሞልቶታል፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ኦዳፕ በውኃ ስለሚሟሟም ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ብዙውን ያስወግዳል። ግን ውኃ ከሩቅ በጀርባ በሚመጣበት ደጋ ውኃ ድፊ የሚለው ምክር ለመናገር ነው የሚቀለው።

ወሎ ዩኒቨርሲቲና ፋብሪካዎቹ

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው በ2000 ዓ.ም. ነው። ዋናው ግቢ ደሴ ነው፤ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ ነው። ይህ አቀማመጥ ራሱ ዕድል ነው። ጤናውና ግብርናው ላይ ደሴ፣ ምህንድስናው ታች ኮምቦልቻ ከፋብሪካዎቹ ጎን። ለወሎ ልጅ ትልቁ ለውጥ ከዚህ በፊት ናሙናው ወደ ሌላ አገር ይሄድ የነበረው አሁን ደጁ ላይ ሊፈተሽ መቻሉ ነው። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲያዳርስ ግን ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፣ ወደመ። ከተሞቹ ኅዳር መጨረሻ ላይ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከምርምር እኩል መልሶ ግንባታ ነው።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። የቢጂአይ ቢራ ፋብሪካ አለ። የኤልፎራ ሥጋ ማቀነባበሪያ አለ። የዱቄት ፋብሪካዎችም አሉ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ዋና ሥራው ልብስ ስለሆነ ለምግቡ ዘርፍ ያለው አስተዋጽኦ ትንሽ ነው። የምህንድስና ተማሪዎች አንድ መንፈቅ ፋብሪካ ውስጥ ልምምድ ይሠራሉ። በተግባር ዩኒቨርሲቲውንና ማሽኑን የሚያገናኘው ይኸው ልምምድ ነው። ተማሪው ከፋብሪካ ይዞት የሚመለሰው የመመረቂያ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከመምህሩ ርዕስ የተሻለ ነው።

ከደሴ በስተሰሜን ካለው ከሐይቅ ሐይቅ የሚወጣ ዓሣም አለ። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ወደ ሐይቁ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ በረዶና ማቀዝቀዣ በሌለበት ዓሣው ቶሎ ስለሚበላሽ ማድረቅና ማጨስ ይታሰባል።

በረመዳን የወሎ ቤት የማይለየው ቃሪቦ ደግሞ በሳይንስ የተፈተሸው ጅማ ላይ ነው። ከጠቆረ የገብስ ቆሎ ተፈልቶ፣ በስኳርና በእርሾ አድሮ የሚጠጣው ይህ መጠጥ ሳይበላሽ የሚቆየው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። እንጀራም ሦስት አራት ቀን ሲያልፈው ይሻግታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በማቆያ ንጥረ ነገሮች የተደረገ ሙከራ የእንጀራን ዕድሜ ከዚያ በብዙ አራዝሟል። ሙከራው ግን ሻጋታን የሚመለከት ነው። የማሽላ እንጀራ ደግሞ ከመሻገቱ በፊት ይደርቃል፤ ስለዚህ ለኮምቦልቻ ጋጋሪ የሚጠቅማት መጀመሪያ ትክክለኛውን ዝርያ መምረጥና ቀዩን አስሸክሽኮ ማስፈጨት ነው።