የመካነ አራዊት እንስሳትን ማሠልጠን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የመካነ አራዊት እንስሳት ሥልጠና ይሰጣቸዋል ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ሰርከስ ነው። ግምቱ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ የለንደን መካነ አራዊት እንኳ ከ1926 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ቺምፓንዚዎችን ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ ሻይ በማስጠጣት ጎብኚዎችን ሲያዝናና ኖሯል። ዛሬ በሚገባ በተደራጁ መካነ አራዊት የሚሰጠው ሥልጠና ግን በዓላማውም በዘዴውም ከዚያ የተለየ ነው። በአንድ ወገን ሥልጠናን በጅምላ ጭካኔ የሚሉ፣ በሌላ ወገን ደግሞ ለእንስሳው ችግር ሁሉ መፍትሔ አድርገው የሚያቀርቡት ስላሉ፣ በሁለቱም በኩል የሚሳሳተውን በየተራ ማየት ይገባል።

“ሥልጠናው ለተመልካች መዝናኛ ነው”

እውነታው፦ አብዛኛው ሥልጠና የሚካሄደው ጎብኚ በማያየው የጓሮ ክፍል ሲሆን፣ ዋና ዓላማውም ሕክምናና እንክብካቤ ነው። ቀጭኔን እንውሰድ። በመካነ አራዊት የሚኖሩ ቀጭኔዎች ሰኮናቸው ከልክ በላይ እያደገ አረማመዳቸውን ያበላሽባቸዋል። ሰኮናውን ለመከርከም ማደንዘዣ መስጠት ደግሞ ለዚህ እንስሳ እጅግ አደገኛ ነው፤ የደም ግፊቱ ከፍተኛ ነው፣ ከዚያ ቁመት ሲወድቅ አንገቱ ሊጎዳ ይችላል፣ ከሆዱ የተመለሰ ምግብም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት የሚገኘው የሻያን ማውንቴን መካነ አራዊት ቀጭኔዎች ሳይደነዝዙ እግራቸውን ለሠራተኛው እንዲሰጡ በማልመድ የታወቀ ነው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀጭኔዋ ከአጥሩ ማዶ ቆማ እግሯን ወደ እንጨቱ መደብ ጥቂት ስታንቀሳቅስ አጭር የፊሽካ ድምፅ ይሰማል፣ ወዲያውም የምትወደው ምግብ ይሰጣታል። ድምፁ “ልክ ይህንኑ ነው የፈለግነው” የሚል ምልክት ነው። ከቀናት በኋላ እግሯን መደቡ ላይ ማሳረፍ፣ ቀጥሎ የሰው እጅ ሲነካት አለመሸሽ፣ ቀጥሎ የሞረዱን ድምፅ መልመድ፣ በመጨረሻም ሰኮናዋ እስኪሞረድ ጸንታ መቆም ይመጣል። ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱን ዘልሎ ማለፍ የወራትን ልፋት ያፈርሳል።

በሰው አጥር ውስጥ የሚኖሩ ጎልማሳ ወንድ ጎሪላዎችን ከሌላ በሽታ ይበልጥ የሚገድላቸው የልብ ሕመም ነው። ደረታቸውን ወደ ፍርግርጉ አስጠግተው በአልትራሳውንድ እንዲመረመሩ የሚለማመዱት ለዚህ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የኦክላንድ መካነ አራዊት ታይገሮች የኮቪድ ክትባት የወሰዱትም በተመሳሳይ ልምምድ፣ በራሳቸው ፈቃድ ጎናቸውን አስጠግተው ነበር።

“እንስሳ ካልተመታ ወይም ካልተራበ አይታዘዝም”

እውነታው፦ ይህ አመለካከት ለረጅም ዘመን በተግባር ስለተሠራበት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዝሆኖች ለብዙ ዓመታት የሚያዙት ጫፉ ቆልማማ ብረት በሆነ ዱላ ነበር፤ ጠባቂውም ከዝሆኑ ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ገብቶ የበላይነቱን ማሳየት አለበት ተብሎ ይታመን ነበር። በ1988 እ.ኤ.አ. በሳንዲያጎ የዱር እንስሳት ፓርክ አንዲት ዝሆን በሰንሰለት ታስራ መደብደቧ ሲታወቅ ታላቅ ቁጣ ተነሣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ፓርክ ሌላ አሠራር ተሞክሮ ውጤት አሳየ። ሠራተኛው ከጠንካራ አጥር ውጭ ይሆናል፣ ዝሆኑ ጫፉ ላይ ኳስ ያለበትን ዘንግ እየተከተለ ጆሮውን ወይም እግሩን በአጥሩ ክፍት በኩል ያቀርባል፣ በፈለገም ጊዜ ትቶ ይሄዳል። የአሜሪካ የመካነ አራዊትና የአኳሪየሞች ማኅበርም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አባላቱ ሠራተኞቻቸውን ከዝሆን ጋር ያለ አጥር እንዳያገናኙ ወሰነ። በእኔ እምነት በዚህ ሙያ ከታዩት ለውጦች ትልቁ ይህ ነው፤ የሰውንም የዝሆኑንም ሕይወት የጠበቀ ነውና።

ረሃብን በተመለከተ፣ በጥሩ አሠራር ሽልማቱ ከዕለቱ ቀለብ ላይ ይቀነሳል እንጂ ቀለቡ ለሥልጠና ሲባል አይከለከልም። እንስሳው እምቢ ቢልም ድርሻውን ያገኛል። ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአይጦች፣ ኋላም በብዙ ዝርያዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንስሳት ነጻ ምግብ ከፊታቸው እያለ እንኳ ከምግባቸው ከፊሉን ሠርተው ለማግኘት እንደሚመርጡ አሳይተዋል። ሆኖም “በሽልማት ብቻ ነው የምናሠለጥነው” የሚል ተቋም ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። እንስሳውን አስርቦ በምግብ መሸለም ዱላ ባይኖርበትም ማስገደድ ነው።

“መርፌን ማስለመድ ጭንቀትን ማባባስ ነው”

እውነታው፦ ንጽጽሩ ከምን ጋር ነው? ያልሠለጠነ እንስሳ ሲታመም መርፌው አይቀርለትም፤ ተባርሮ በመረብ ይያዛል ወይም በማደንዘዣ ቀስት ይመታል። በ1990ዎቹ በአሜሪካ የዴንቨር መካነ አራዊት ኒያላዎችና ቦንጎዎች፣ ከእኛው የደጋ አጋዘን ጋር የሚዛመዱ ድንጉጥ እንስሳት፣ በሣጥን መሰል ክፍል ውስጥ ቆመው እየበሉ ደም እንዲሰጡ ተለማምደው ነበር። ትልቁ ድካም መርፌው አልነበረም፤ የበሩ መንኳኳትና ድንገተኛ እንቅስቃሴ እንዳያስበረግጋቸው ቀስ በቀስ ማላመድ ነበር። ከተወሰደው ደም የተለካው ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን መጠን ዝቅተኛ ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ያለው ናሙና ለሐኪሙም ይበልጣል፤ የሚለካው በድንጋጤና በመድኃኒት የተለወጠ ሳይሆን የተረጋጋ ሰውነት ነውና።

“የሚሠለጥኑት ብልህ የሚባሉት ብቻ ናቸው”

እውነታው፦ በቪየናው የሾንብሩን መካነ አራዊት ግዙፍ ኤሊዎች ባለቀለም ኳስ እየነኩ ምግብ ማግኘትን ተምረው፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሲፈተኑ ትምህርቱን አልረሱም ነበር።

“የሠለጠነ እንስሳ ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው”

እውነታው፦ በጎ አሳቢዎችን የሚያሳስተው ይህኛው ነው። ሥልጠና በቀን ውስጥ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ የቀረውን ጊዜ እንስሳው የሚያሳልፈው በተሰጠው ቦታና በተሰጡት ጓደኞች መካከል ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ጥናት እንደ ዋልታ ድብ ያሉ በተፈጥሯቸው ሰፊ ግዛት የሚዞሩ ሥጋ በሎች በአጥር ውስጥ ያለ ዓላማ ወዲያ ወዲህ መመላለስ እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በአውሮፓ መካነ አራዊት የተወለዱ ሴት የአፍሪካ ዝሆኖች የዕድሜያቸው አማካይ 16.9 ዓመት ሲሆን፣ በኬንያው አምቦሴሊ በተፈጥሮ ምክንያት የሚሞቱት ግን 56 ዓመት እንደሚኖሩ ገልጿል። ይህን ያህል ልዩነት በፊሽካና በካሮት አይሞላም።

ሥልጠናው ራሱም እንስሳውን ሁልጊዜ እንዲያስብ አያነቃቃውም። አዲስ ነገር በሚማርበት ወቅት አእምሮው ይሠራል፤ ለዓመታት ያንኑ እግር ማንሣት ሲደጋግም ግን ልማድ ብቻ ይሆናል። በመንጋ በሚኖሩት ዘንድ ደግሞ ኃይለኛው ሽልማቱን ጠራርጎ ደካማው ተመልካች ሊሆን ይችላል። ለቺምፓንዚዎች የተገኘው መላ ኃይለኛውን መሸለም ነበር፤ የሚሸለመው ግን ሌሎቹ በሰላም እንዲበሉ ሲፈቅድ ነው። ጠቡም ቀንሷል።

“እንስሳው እምቢ ካለ ሥልጠናው ከሽፏል”

እውነታው፦ እምቢታ የሥልጠናው አካል ነው። ሁልጊዜ ፈጥና የምትመጣ ጎሪላ አንድ ቀን ከማዕዘኗ ካልተነሣች፣ ሠራተኛው አስቀድሞ ማሰብ ያለበት ታማ እንደሆነ ነው፤ የሕመም የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ በዚህ ይታያል። ስለዚህ በሩ ከኋላዋ ክፍት ሊሆን፣ እምቢ ያለችበት ቀንም ከምክንያቱ ግምት ጋር በመዝገብ ሊሰፍር ይገባል። አጣዳፊ ሕክምና ሲያስፈልግና ፈቃዷን መጠበቅ ሕይወቷን የሚያሳጣት ሲሆን ግን ማደንዘዣ መስጠት ግዴታ ነው። ከዚያ በኋላ የተሰበረውን አመኔታ ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ መልሶ መገንባት ያስፈልጋል፤ ተቋሙም ለዚህ የሚውለውን ጊዜና የሠራተኛ ጉልበት ከሕክምናው ወጪ ጋር አብሮ ማሰብ አለበት።